መጀመሪያ ኪሎው፣ ከዚያ የፈረስ ጉልበቱ

የአሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሞተር ሲሞት ባለቤቱን ከየአቅጣጫው የሚያዋክበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት የፈረስ ጉልበት ልታስገባበት ነው?» ጠያቂዎቹ ክፉ አያስቡም። መኪናውን ወደው፣ ባለቤቱን ሊያበረታቱ ነው የሚጠይቁት። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ። የሚገባው ሞተር ስንት ኪሎ ይመዝናል? ክብደቱስ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

የእኔ መኪና እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ኤምጂቢ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይታጠፋል፤ ፓራውልቷ ገና የሚያብረቀርቅ ክሮም ነበረ፣ በኋላ የመጣው ጥቁር ጎማ አልደረሰባትም። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ይህች መኪና እዚህ መገኘቷ ማንንም አይገርምም፤ የኤምጂ ፋብሪካ በነበረባት በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ከተሠሩት ከ500 ሺህ የሚበልጡ ኤምጂቢዎች አብዛኞቹ ውቅያኖስ ተሻግረው የተሸጡት እዚሁ አሜሪካ ነው። የዘይት ግፊቷ እየወረደ፣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ እየበዛ መጣ። ሞተሩን አውርደን ብሎኩን ወደ ቶርኖ ቤት ስንወስደው በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ተነሥቶ ወደ ውኃው መተላለፊያ የሚወርድ ስንጥቅ ተገኘበት። የተሰነጠቀ ብረትን ሰፍተው የሚጠግኑ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ግን የሚገባው ሌላ ለማይገኝለት ብርቅ ሞተር ነው። ስለዚህ ምርጫ ውስጥ ገባሁ፤ ምርጫው ደግሞ አንድ ሙሉ ክረምት ወሰደብኝ።

ስለ መጀመሪያው ሞተር ጥቂት ልበል፤ እርሱን ሳያውቁ ተተኪውን መምረጥ አይቻልምና። ቢ ሲሪዝ ይባላል። የኦስቲን ኩባንያ መሐንዲሶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ለቤተሰብ መኪናዎች ያሰናዱት፣ ብሎኩም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) የብረት የሆነ፣ ከባድና ታጋሽ ሞተር ነው። በ1955 ኤምጂኤ በተባለችው ስፖርት መኪና ሲገባ 1,489 ሲሲ ነበር። ቀስ በቀስ እያደገ በ1962 ኤምጂቢ ስትወጣ 1,798 ሲሲ ደረሰ። ጉልበቱ 95 የፈረስ ጉልበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ክራንክ ሻፍቱን (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ) የያዙት በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ግን መያዣው አምስት ሆነ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የሞተሩን ዕድሜ አራዘመው። አምስት መያዣ ያለው ቢ ሲሪዝ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት፣ ውኃው ካልጎደለበት ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ድክመቱ ያለው አተነፋፈሱ ላይ ነው። አራት ሲሊንደር ሆኖ ሳለ የአየርና የቤንዚን መግቢያ በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱን በር ሁለት ሁለት ሲሊንደሮች ይጋሩታል። መውጫዎቹ ደግሞ ሦስት ናቸው፤ የመሃሉን ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር ይጋሩታል። በዚህ ምክንያት በደቂቃ ከ5,500 ዙር በላይ ቢገፉት ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ነገር ግን ከ2,000 እስከ 4,000 ዙር ባለው ክልል ውስጥ የሚሰጠው ጉልበት የረጋና ታዛዥ ነው። ማርሽ ሳይቀይሩ ኩርባን ገብቶ መውጣት ይቻላል። መኪናዋም የተነደፈችው በዚህ ጠባይ ዙሪያ ነው። ሞተሩ ከባድ ቢሆንም አጭር ስለሆነ ከፊት ጎማዎች መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ክብደቷም በፊትና በኋላ ጎማዎቿ ላይ ወደ እኩል በተጠጋ ድርሻ ያርፋል። መሪዋ ቀላልና ተናጋሪ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የመንገዱን ሸካራነት፣ የጎማውን መያዝና መልቀቅ ለጣት ትነግራለች። እኔ ይህችን መኪና የገዛሁት ለዚህ መሪ ስል ነው። ማንኛውም ተተኪ ሞተር ይህን የሚነጥቀኝ ከሆነ ከነጉልበቱ ይቅርብኝ።

ይህን ፍርሃት ከራሴ አላመጣሁትም። የአቢንግደን ሰዎች ራሳቸው ከፍለውበት የተማሩት ነገር ነው። በ1967 ኤምጂሲ የምትባል መኪና አወጡ። የኤምጂቢን አካል ወስደው ኮፈኑን አሳበጡና ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት 2,912 ሲሲ ሞተር አስገቡባት። ወረቀት ላይ ግሩም ነበረች፤ 145 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሞተሩ ግን ከአራት ሲሊንደሩ ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ይከብዳል። ረጅምም ስለሆነ ክብደቱ ወደ አፍንጫዋ ገፋ። የፊቱን ሶስፔንሽን መሸከሚያ እንዳለ ይዞ ማስገባት ስላልተቻለም ከሥር ያለውን አሠራር ሁሉ ለወጡት፤ መሪው እንዳይከብድም ብዙ ዙር የሚዞር አደረጉት። የዘመኑ የመኪና ጋዜጠኞች ነድተዋት ሲመለሱ የጻፉት ተመሳሳይ ነበር። ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሄድ ትወዳለች፤ የኤምጂ ቅልጥፍና የላትም። በ1969 ማምረት ቆመ። የተሠሩት በጠቅላላው 9,000 ገደማ ናቸው።

ኤምጂሲን የሚወዱ ዛሬ ብዙ ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ቀጥ ባለ ረጅም መንገድ ላይ እጅግ የተመቸች ተጓዥ እንደሆነች አውቃለሁ፤ በዘመናዊ ጎማና በተስተካከለ ሶስፔንሽን ብዙ ነገሯ ይታረማል። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያንኑ አካል፣ ያንኑ የበርና የወንበር አሠራር፣ ያንኑ የኋላ ባሌስትራ የያዘች መኪና ከሞተሩ ክብደት የተነሣ ብቻ ሌላ ፍጥረት ልትሆን መቻሏ ነው። ጉልበቱ በግማሽ ጨመረ፤ ሰው ግን አልወደዳትም። ሞተር መቀየር ያሰበ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የዚህችን መኪና ታሪክ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያማለለኝ እርሱ ነበር።

የአሜሪካው ቢዩክ በ1961 ባልተለመደ መንገድ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። መጠኑ 3.5 ሊትር ሲሆን ክብደቱ 145 ኪሎ ግራም አካባቢ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ስምንት ሲሊንደር ማለት ሁለት ሰው የማያነሣው የብረት ክምር ነው። ይሁን እንጂ አሉሚኒየሙን ማቅለጥና ማፍሰስ ውድ ሆነ፤ ራዲያተር የሚደፍን ዝቃጭም አስቸገረ፤ ብረትን በስስ ግድግዳ የማፍሰስ ጥበብም በዚያው ጊዜ ተሻሻለ። ቢዩክ ከ1963 በኋላ ሞተሩን ተወው። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ማርቲን ኸርስት ወደ አሜሪካ ዊስኮንሲን ለሌላ ጉዳይ ሄደው ሳለ የጀልባ ሞተር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ይህን ሞተር ወለል ላይ ተቀምጦ አዩት። ጠየቁ፤ የማምረት መብቱንም በ1965 ለሮቨር አስገኙ። ሞተሩን ከነደፉት የቢዩክ መሐንዲሶች አንዱ፣ ጆ ተርሌይ፣ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ሥራውን አገዘ። አሜሪካ የተወችው ሞተር በእንግሊዝ እጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ፤ በሮቨር የቤት መኪናዎች፣ በሞርጋን፣ በሬንጅ ሮቨር፣ በላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ። የእርሱ ዘመድ የሆነውን የኦልድስሞቢል ብሎክ መነሻ ያደረገ ሞተርም ጃክ ብራብሃምን በ1966 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን አድርጎታል።

ይህን ሞተር ወደ ኤምጂቢ ያመጣው መጀመሪያ ፋብሪካው አልነበረም። ኬን ኮስቴሎ የተባለ የእሽቅድምድም ነጂ በ1970ዎቹ መባቻ በራሱ ጋራዥ ማስገባት ጀመረ። የኤምጂ ባለቤት የነበረው ብሪቲሽ ሌይላንድ መኪናውን አስመጥቶ አየው፤ ከዚያም በ1973 የራሱን አወጣ። ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 ይባላል («ቪ8» በሁለት ረድፍ የቆሙ ስምንት ሲሊንደሮች ማለት ነው)፤ 3,528 ሲሲ፣ 137 የፈረስ ጉልበት። ቁም ነገሩ ከብረቱ አራት ሲሊንደር ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው 20 ኪሎ ግራም እንኳ አለመሙላቱ ነው። አራት አራት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ስለሚቆሙ ርዝመቱም አልጨመረም። አፍንጫዋ አልከበደም፤ መሪዋ አልጠፋም። የኮስቴሎ መኪናዎች ካርቡራተሩ ከፍ ስላለ ኮፈናቸው ላይ እብጠት ነበራቸው። የፋብሪካው ሰዎች ግን ሁለቱን ኤስዩ ካርቡራተሮች ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው ግድግዳ አስጠግተው ኮፈኑን ሳይነኩ ዘጉት። ይህን ሥራ በፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ልከኛ ሰዎች የሠሩት ነው።

ዕድሉ ግን አልቀናም። መኪናዋ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሆና አልተሠራችም፤ ወደ አሜሪካም በይፋ አልተላከችም። በ1976 ሲያበቃ 2,591 ብቻ ተሠርተው ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ ከ1993 እስከ 1995፣ ኤምጂ አርቪ8 የተባለ ጣሪያ ታጣፊ ዝርያ 3.9 ሊትር ሆኖ በ2,000 ገደማ ቁጥር ተሠራ፤ አብዛኛው ወደ ጃፓን ሄደ። በሌላ አነጋገር፣ አቢንግደን ራሷ መርጣ ያጸደቀችው ትልቅ ሞተር ይህ ነው። እኔም «ፋብሪካው ካደረገው እኔ ለምን አላደርገውም?» እያልኩ ብዙ ማታ አስልቻለሁ።

ስሌቱ የተበላሸው ሞተሩ ዙሪያ ባሉት ነገሮች ነው። የእኔ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል 3.909 ለ1 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 3.909 ጊዜ ይዞራል። ለአራት ሲሊንደሩ ይስማማዋል፤ ለስምንቱ ግን እጅግ አጭር ነው። ፋብሪካው 3.07 አድርጎታል። ፍሬኑም ይቀየራል፤ የፋብሪካዋ ቪ8 የፊት ዲስኮቿ ወፍራሞች ነበሩ። ራዲያተሩ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይጨመራል። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ያንን ጉልበት እንዲችሉ ሆነው ይተካሉ። ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን የጭስ ማውጫው ነው። የእኔዋ መሪዋ በግራ ነው፤ የመሪው ዘንግ ደግሞ የግራው ረድፍ ጭስ ማውጫ በሚወርድበት ቦታ በኩል ያልፋል። በሰፊው ከሚሠራባቸው መፍትሔዎች አንዱ የጎማውን የውስጥ መሸፈኛ ብረት በስቶ ማውጫውን በዚያ በኩል ማሳለፍ ነው። ይህች መኪና ደግሞ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ነው ሁሉን የሚሸከመው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ዝገትን ተቋቁሞ የቆየ፣ ማንም ያልቆረጠው ብረት ላይ መቁረጫ ማንሣት ለእኔ ከባድ ነው። የተቆረጠ እንደነበረ አይመለስም።

በዚህ መካከል ሦስተኛውን መንገድም አየሁ፤ ዘመናዊ የጃፓን ሞተር። እውነቱን ለመናገር በምክንያት የሚረታ ሐሳብ ነው። የማዝዳ ሚያታ 1.8 ሊትር ሞተር በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ125 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጥ ነበር፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ብርድ ማለዳ ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ሚያታ እራሷ በ1989 ስትወለድ የእንግሊዝን ትንንሽ ታጣፊ መኪናዎች ደስታ ከአስተማማኝነት ጋር ለማጋባት የታሰበች ስለሆነች ሞተሯ ወደ ኤምጂቢ ቢገባ ዝምድና አለው። እንግሊዝ ውስጥ ፍሮንትላይን የተባለ ድርጅት የማዝዳ ሞተር ያላቸውን ኤምጂቢዎች በሙያ ሠርቶ ይሸጣል፤ የሚያምር ሥራ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ሞተርስን 3.4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የሚያስገቡ አሉ፤ ብሎኩ ብረት ቢሆንም ክብደቱ ከአሮጌው ብዙ አይርቅም።

ኪሎው ተስማምቶኝ ሳለ ይህን ያልመረጥኩት በኮምፒውተሩ ምክንያት ነው። ዘመናዊ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ከነሽቦው፣ ከነሴንሰሩ፣ ከነነዳጅ ፓምፑ ይመጣል። አሁን ያለችው መኪናዬ መንገድ ላይ ብትቆም ካቻቢቴና ካንዴላ መፍቻ ይዤ አብዛኛውን ችግር እዚያው አገኘዋለሁ። የማቀጣጠያ ብልጭታውን የሚያስነሣውን የመገናኛ ነጥብ አጽድቶ፣ ካርቡራተሩን አስተካክሎ ጉዞ መቀጠል ይቻላል። ይህን ዕውቀት ልጄ እንድታገኘውም እፈልጋለሁ። ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኗ እያየች እንድትማር። ማዝዳውን ማስገባት ለሌላ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ሥራ ለሚሄድበት ሰው እኔም እርሱኑ እመክራለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ ባጭሩ ልናገር። ጃጓር በ2017 ኢ ታይፕ የተባለችውን ዝነኛ መኪናውን በኤሌክትሪክ ሠርቶ አሳየ፤ በ2018 ልዑል ሃሪና ሜጋን በሠርጋቸው ዕለት የነዷት እርሷን ነበር። በሌላ በኩል የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ2019 ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ መኪና እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ ሊቆጠር እንደማይገባው አስታወቀ። እኔ ከፌዴሬሽኑ ጋር ነኝ። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትወስን ደግፌያለሁ፤ ሕዝብ በየቀኑ የሚመላለስበት መኪና ኤሌክትሪክ ይሁን። በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር የምትሄድ አሮጌ መኪና ግን የዘመኗን የብረት ሥራ ጥበብ ተሸክማ ብትኖር ለሰው ልጅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

በመሃል አንድ ሰው አስገባለሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የላንድ ሮቨርና የፔጆ ሞተር ሲያወርዱና ሲሰቅሉ የኖሩ፣ አሁን በጡረታ እዚህ ልጆቻቸው ጋ ያሉ ሰው ናቸው። የተሰነጠቀውን ብሎክ አይተው፣ የኔን የቪ8 ሥዕልና ስሌት በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤

«እኛ ዘንድ ሞተር የምንቀይረው የራሱ ሲጠፋ ነበር። የላንድ ሮቨር ሞተር ከሶማሌ ተራ ካላገኘን የቶዮታ እናስገባለን። አማራጭ ስለሌለ ነው፤ ሰውየው እህል ጭኖ ገጠር መግባት አለበት። ያንተ እኮ የራሷ ሞተር በየግቢው ተጥሎ ይገኛል። ታዲያ ለምንድን ነው የምትለውጣት?»

«በአውራ ጎዳና ላይ ትጮህብኛለች፣ ጋሼ። መቶ አሥር ላይ መነጋገር አይቻልም።»

«እርሱ የሞተር ችግር ነው እንዴ? የማርሽ ነው እንጂ!»

ይህ አባባላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። በማግስቱ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በአራተኛ ማርሽ ይህች መኪና በየ1,000 ዙሩ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ ወደ 3,800 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ለዚህ አሮጌ ሞተር ይህ ሩጫ ነው፤ ይችላል እንጂ አይመቸውም። እንግሊዞቹ ግን መፍትሔውን ያኔውኑ ሠርተውት ነበር። ሌይኮክ የተባለ፣ ካምቢዮው ጀርባ ላይ የሚገጠም፣ በኤሌክትሪክ ማብሪያ የሚሠራ ኦቨርድራይቭ አለ። ሲበራ አራተኛው ማርሽ ይረዝምና በዚያው ፍጥነት ዙሩ ወደ 3,100 ይወርዳል። ብዙ የአሜሪካ ኤምጂቢዎች ያለ እርሱ ተሸጠዋል፤ የእኔም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ከትልቅ ሞተር የምፈልገው ነገር አብዛኛው፣ ጸጥታው፣ በአውራ ጎዳና ላይ አለመጨነቁ፣ ከሞተሩ ክፍል ኋላ ባለ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ሕጉንም አየሁ፤ ሞተር ለመቀየር ያሰበ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። በኢትዮጵያ የሞተር ቁጥር ከሻንሲ ቁጥር ጋር ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ሞተር የቀየረ ሰው መዝገቡንም ማስተካከል አለበት። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት የተሻሻለ መኪና ማንነቱ የሚለካው በነጥብ ነበር፤ አካሉ ወይም ሻንሲው 5 ነጥብ፣ ሶስፔንሽኑ 2፣ አክስሉ 2፣ ካምቢዮው 2፣ መሪው 2፣ ሞተሩ ግን 1 ብቻ። መኪናው ስሙን ይዞ እንዲቀጥል ከ14ቱ 8 ያስፈልገው ነበር። ይህን ያወጡት ሰዎች ለሞተር የሰጡት ዋጋ አነስተኛ መሆኑ መጀመሪያ ገረመኝ፤ በኋላ ግን ትክክል መሰለኝ። ሞተር እንዲወጣና እንዲገባ ሆኖ የተሠራ ነገር ነው፤ የማይተካው አካሉ ነው። ለመቁረጥ የፈራሁትም ያንኑ 5 ነጥብ ነበር። እዚያው ብሪታንያ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ለመሆን ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መሆን አለባቸው። የሲሊንደሩ ቁጥር ከተለየ ሞተሩ እንግዳ ነው ተብሎ የመቆጠሩ ዕድል ሰፊ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1976 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪናዎች የጭስ ምርመራ አለባቸው፤ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩት ነጻ ናቸው።

ውሳኔዬ እንዲህ ሆነ። ከ1970ዎቹ የወጣ 18ቪ የተባለ ዝርያ ቢ ሲሪዝ ገዛሁ፤ አምስት መያዣ ያለው፣ ብሎኩ ያልተሰነጠቀ፣ ብዙም ያልተጠረበ። ይህን ዝርያ የመረጥኩት ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ሞተሮችና ካምቢዮዎች በቀላሉ ስለሚጋጠሙ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት፣ በተለይ ባለ ሦስት መያዣዎቹ፣ የኋላ ብረታቸውና ቮላኗቸው (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይለያል፤ ርካሽ ነው ብሎ የገዛቸው ሰው ዕቃ ሲያሳድድ ይከርማል። በጎማ ፓራውልት ዘመን የተሠሩትም ከፊት ያለው የመስቀያ ብረታቸው ሌላ ስለሆነ ያንን ከአሮጌው ሞተር ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ያስፈልጋል። የአሜሪካ 18ቪ ሞተሮች ለጭስ ሕግ ሲባል የመጭመቅ ኃይላቸው ተቀንሷል፤ ይህ ግን በፒስተን የሚወሰን ስለሆነ እንደገና ሲሠራ ይታረማል።

ቶርኖ ቤቱ ሲሊንደሮቹን ጠረበ፤ ክራንክ ሻፍቱን፣ ቢየላውንና ቮላኖውን አንድ ላይ አመዛዘነ። አዲስ ፒስተንና ፋሻ ገባ። ጭስ ማውጫ ቫልቮች የሚያርፉበት ቦታ ጠንካራ ብረት ተተከለ፤ ሞተሩ የተሠራው ሊድ ላለው ቤንዚን ስለነበር ያለዚህ ሥራ በዛሬው ቤንዚን ረጅም ጉዞ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከመጀመሪያው ብዙ ያልራቀ፣ ለዝቅተኛ ዙር የሚስማማ ነው። ዘይት ስመርጥም ዚንክ በበቂ መጠን ያለበትን እፈልጋለሁ፤ ለዘመናዊ ሞተር የተዘጋጁት ብዙዎቹ ዘይቶች ዚንካቸው ተቀንሷል፤ የዚህ ሞተር ካምሻፍት ደግሞ ያለ እርሱ ይፋቃል። ይህን የምዘረዝረው ነገ እንዲህ ያለ ሞተር የሚያሠራ ሰው ቶርኖ ቤቱን በትክክል እንዲጠይቅ ነው። ካምቢዮው ኦቨርድራይቭ ባለው ተተካ። ሞተሩ ወጥቶ ሳለ ካምቢዮን መቀየር ተጨማሪ ድካም የለውም፤ በዚህች መኪና ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ቢወጡ ይቀላልና። ጠቅላላ ወጪው ለቪ8 ካሰላሁት ግማሽ አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ የሸናንዶዋን ተራራ ጫፍ ጫፉን በሚሄደው በስካይላይን ድራይቭ ላይ ነድቻታለሁ። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ነው፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ብቻ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኩርባ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምራ ትስባለች፤ መሪው እንደ ድሮው ይናገራል። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «የዘይት ግፊቱን እይ!» ይሉኛል በየኩርባው፤ መርፌው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ይህን ሁሉ የምለው ቪ8ን ለማጣጣል እንዳይመስል። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወጣት የ1977 ኤምጂቢ ገዝቷል፤ ሞተር የላትም፤ ምን ላስገባ ብሎ ጠየቀኝ። «ሮቨር ቪ8 አስገባ» አልኩት ሳላመነታ። የእርሱ መኪና ፋብሪካው ለቪ8 ካደረጋቸው ማሻሻያዎች አንዳንዶቹን ወርሳ የወጣች ናት፤ ራዲያተሯ ቀድሞውኑ ወደ ፊት ተገፍቷል። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ የገቡት ኤምጂቢዎች በጭስ ሕግ ምክንያት በአንድ ካርቡራተር ታንቀው ጉልበታቸው ከ70 የፈረስ ጉልበት በታች ወርዶ ስለነበር የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። የሚኖረውም ካሊፎርኒያ አይደለም። ዲፈረንሻሉንና ፍሬኑን አስቀድሞ እንዲገዛ ነገርኩት። ሞተሩን ደግሞ ከላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ እንዲፈልግ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ዲስከቨሪዎች እዚህ ተሸጠዋል፤ አካላቸው ሲሞት ሞተራቸው ይቀራል። የኋለኞቹ 4.0 እና 4.6 ሊትሮች ከሲሊንደር ሸሚዙ ጀርባ የመሰንጠቅ አመል አላቸው፤ ስለዚህ የማቀዝቀዣውን ግፊት ሳይለካ ገንዘብ መክፈል የለበትም። ትናንት ደውሎ አንድ አግኝቻለሁ አለ። ጋሼ የመጭመቅ ኃይሉን መለኪያ ይዘው ቅዳሜ አብረውን ይሄዳሉ።